እማዬ ደበዘዘ ያለችው ስክሪን

ለምወድህ ወንድሜ ለኪዳን፤

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ በሙሉ ጤናህ እንዲያገኝህ እየተመኘሁ፣ እንደምን ሰነበትህ እልሃለሁ። የኢስታንቡል ብርድ እንዴት ይዞሃል? ያ ጉንፋንህ ለቀቀህ ወይስ አሁንም ያስልሃል? እግርህስ? ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው ካልከኝ ጀምሮ እሱን ባሰብኩ ቁጥር የእኔን እግር ያመኛል። ምግብስ ትበላለህ? እበላለሁ እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሳልጠይቅህ ማለፍ አልችልም። የቤት ጓደኛህ ዮኤልስ ደህና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስለ እማዬ ግን ደህና ናት ብዬ በአንድ ቃል ልገላገለው አልቻልኩምና ታግሠህ አንብበኝ።

ስልክ እያለ በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ ስታይ ምን ነካት ብለህ መሳቅህ አይቀርም። ስልኩ ግን እማዬ አጠገብ ነው የሚውለው። መልእክት ስጽፍልህ እንኳ “ምን አልሽው? እስኪ አንብቢልኝ” ትለኛለች። በዚያ ላይ አንተ እንዳነበብከው ወዲያው ደውለህ ነገሩን እንደምታፈነዳው አውቃለሁ፤ ከልጅነትህም ችኩል ነህ። ስለዚህ የጎረቤታችን የእትዬ ዘይነባ ልጅ ጀላል ዕቃ ሊያመጣ ወደ እናንተ አገር ሲመጣ ለእሱ ሰጠሁት። ተቀመጥና አንብበው። ጉዳዩ እማዬ እሑድ እሑድ ፊትህን የምታይበት ነገር ነው።

አንተ ከዚያ ሆነህ የምታየው ተዘጋጅታ የተቀመጠችውን እማዬን ብቻ ነው። እኔ የማየው ከቅዳሜ ጀምሮ ያለውን ነው። ነጠላዋ ይታጠባል፣ ወንበሩ ከጠረጴዛው ፊት ይደረጋል፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰች ደግሞ ፊቷን ታጥባ፣ አንተ ልትደውል ገና ሁለት ሰዓት ሲቀርህ ትተህልን ከሄድከው ላፕቶፕ ፊት ትሰየማለች። የስልኬ ስክሪን ትንሽ ነው ብላ አትፈልገውም። ለላፕቶፑ ዳንቴል እንደሠራችለት ነግሬህ ነበር? ጠርዙ አበባ ያለው፣ ነጭ። እንደ ድሮው ቴሌቪዥናችን አልብሳው ትውላለች። ጠዋት ጠዋት ዳንቴሉን ገልጣ ትከፍተውና ስክሪኑ ላይ ያለውን የምረቃ ፎቶህን “እንደምን አደርክ ልጄ” ብላ መልሳ ትሸፍነዋለች። አልፎ አልፎ እሷ ሳታየኝ እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ።

እንግዲህ ከመስቀል ትንሽ ቀደም ብሎ ነው “ኪዳን ደበዘዘብኝ” ማለት የጀመረችው። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ ጥርት ብለህ ትታየኛለህ። እንደሱ ስላት “አንቺ ከጎን ስለምታዪው ነው፤ እኔ ከፊት ነኝ” አለችኝ። ላፕቶፕ ደግሞ ከጎንና ከፊት ሲያዩት እንደሚለያይ አንተ ራስህ ነግረኸኝ ስለነበር አመንኳት። አንተም አመንካትና “ሶፍትዌሩ አርጅቶ ነው፣ ዊንዶው ይቀየርለት” ብለህ ጦር ኃይሎች ሱቅ ወዳለው ወደ ድሮ የክፍል ጓደኛህ ወደ ጆሲ ላክኸኝ። ጆሲን ታውቀው የለ፣ ላፕቶፕ ምን ይሁን ምን ፎርማት ነው የሚያዝለት። ፋይሎችህን በፍላሽ ገልብጦ ሰጠኝና ሌላውን ሁሉ ጠርጎ እንደ አዲስ ጫነው።

ጉዳችን የጀመረው ላፕቶፑን ይዤ ቤት ስገባ ነው። እማዬ ዳንቴሉን ገልጣ ስትከፍተው የምረቃ ፎቶህ የለም፤ ሰማያዊ ነገር ብቻ ተዘርግቷል። “ልጄን የት ወሰዳችሁት?” አለች፤ እየቀለደች መስሎኝ ዞር ስል አልቀለደችም። ፎቶህን ልመልስ ፍላሹን ብሰካው ላፕቶፑ አላየውም። ማውዙን ብሰካው በድን ነው። የዋይፋዩ ምልክት ከነአካቴው ጠፍቷል። ስዘጋው ደግሞ መተኛት ትቶ ውስጥ ውስጡን ይሠራል፤ እሷም እንደ ልማዷ ዳንቴሉን ስላለበሰችው በነጋታው ስነካው እንደ ምጣድ ግሏል። ዛሬ እንኳ አታልብሺው ብላት “ታዲያ ራቁቱን ይደር?” ብላ ተቆጣችኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አብረን ያየነው ነው። ዋይፋዩንና መሰኪያዎቹን የሚያሠራውን ድራይቨር ከኢንተርኔት አውርጂ አልከኝ፤ ኢንተርኔቱ ያለ ዋይፋይ አይመጣም፣ ዋይፋዩ ያለ ድራይቨሩ አይሠራም። ከጆሲ ሱቅ በፍላሽ ይዤ ብመጣ ፍላሹን አያውቀውም። አንተ በስልክ ትጮህብኛለህ፣ እኔ እጮህብሃለሁ፣ እማዬ መሀል ገብታ ሁለታችንንም ትገላግላለች። እውነቱን ልንገርህ? ያ ጭቅጭቅ ደስ ብሎኝ ነበር። ከሄድክ ስድስት ዓመት ሆነህ፤ በአንድ ዕቃ ላይ ከአንተ ጋር ከተነታረክሁ ስንት ጊዜዬ ነው! በስልክ ሁልጊዜ ደህና ነህ፣ ደህና ነኝ ነው። ያን ሰሞን ግን አጠገቤ ያለህ ያህል ነበር፣ አንዳንዴ ነገሩ ቶሎ ባይስተካከል ብዬ ሁሉ ተመኝቻለሁ።

“ሰማያዊዎቹን የፍላሽ መሰኪያዎች ተያቸው፤ በግራ በኩል ባለችው በጥቁሯ ቀዳዳ ሞክሪ” ያልከኝ ቀን ፍላሹ ሲነበብ እልል አልኩ። ዋይፋዩ መጣ። ከዚያ ደግሞ ተኝቶ በነቃ ቁጥር ዋይፋዩን ጥሎት ይነሣ ጀመር። ኃይል ለመቆጠብ ብሎ ዋይፋዩን እንዳያጠፋው ሴቲንጉ ውስጥ ያለችውን የራይት ምልክት አስነሣኸኝ፤ እሱም ተስተካከለ። ጆሲም የጎደለውን ድራይቨር ሲጨምርለት ሲዘጉት መተኛት፣ ሲከፍቱት መንቃት ጀመረ። ፎቶህን መልሼ ስክሪኑ ላይ አደረግሁት። ይህን ሁሉ ስፌቴን አስቀምጬ መሥራቴን አስብልኝ፤ ጆሲ ራሱ አንቺ ከእኔ ጋር መሥራት አለብሽ ብሎኛል።

ጥቅምት ማለቂያ ላይ ያለውን እሑድ ታስታውሰዋለህ። መስመሩ እንደዚያ ቀን ተስተካክሎ አያውቅም፤ ከኋላህ ያለው ግድግዳ ላይ ያለው ስንጥቅ ሳይቀር ይታየኝ ነበር። እማዬ አፍንጫዋ ስክሪኑን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጋች። አንተ “እማ፣ ታይኛለሽ?” ስትላት “አዎ ልጄ” አለችህ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ወደ እኔ ዞራ “ይኼ ጆሲ አልሠራውም። ድምፁ የእሱ ነው፣ ፊቱ ግን ጉም ነው” አለችኝ።

ሰኞ ጠዋት ላፕቶፑን አቅፌ በንዴት ጆሲ ዘንድ ሄድኩ። አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩት። እሱ ስክሪኑን ጠረገው፣ አንድ ፎቶ ከፈተና ከፊትም ከጎንም አሳየኝ። ከዚያ “ማራኪ፣ ስክሪኑ ምንም አልሆነም። ደበዘዘብኝ የሚሉት ማዘር ናቸው አይደል? ዓይናቸውን ታይተዋል ወይ?” አለኝ። ላፕቶፑን መልሼ አቅፌ ወጣሁ።

ወደ ቤት ስመለስ ታክሲው ውስጥ ሁሉም ነገር አንድ በአንድ መጣብኝ። ስሰፋ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ የምታስገባልኝ እሷ ነበረች፤ ከክረምቱ ጀምሮ “አንቺው አስገቢው” ማለት ጀምራለች። ደረጃ ስትወርድ ግድግዳውን ትይዛለች። እትዬ ዘይነባ እንኳ “እናትሽ ወለተጻድቅ በመንገድ ዘጋችኝ፣ ምን አጠፋሁ?” ብለው አዝነውባት ነበር። አልዘጋቻቸውም፣ ኪዳን። አላየቻቸውም። እኛ ደንቆሮዎቹ ኮምፒዩተሩን ስንጠግን ሁለት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ ለዚህ ራሴን ይቅር ማለት አልቻልኩም።

ሐኪም ቤት ወሰድኳት። የዓይን ግፊት ነው አሉን፣ ቆይቷል አሉን። የቀኝ ዓይኗ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም፤ በግራው የምታየው ከመሀሉ ጥቂቱን ብቻ ነው። የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ ለማቆየት እንሞክራለን አለኝ ዶክተሩ። እስከ መቼ ይቆያል ብዬ ጠየቅሁት። ዓመትም ይሁን ከዚያ በላይ፣ ቀን ቆርጬ ልነግርሽ አልችልም አለኝ። ጠዋትና ማታ ጠብታውን የማደርግላት እኔ ነኝ። አንዳንዴ ጠብታው ይሁን እንባዋ ሳይታወቀኝ በመሐረብ እጠርግላታለሁ።

ከሐኪም ቤት ስንወጣ የመጀመሪያ ቃሏ ስለ አንተ ነበር። “የመኖሪያ ወረቀቱ ሳያልቅለት እንዳትነግሪው። ጥሎት ይመጣል፤ ከመጣ ደግሞ መልሰው አያስገቡትም” አለችኝ። ማይልኝ አለች። ዝም አልኩ፣ እሷም ዝምታዬን እንደ መሐላ ቆጠረችው። እኔ ግን አልማልኩም፤ ስለዚህ ይኸው ነገርኩህ።

ና ብዬ አላዝህም። ያን ወረቀት ስንት ዓመት እንደጠበቅከው፣ በምን ሥራ እንደጠበቅከው አውቃለሁ። እሱን ትቶ መምጣት ለአንተ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ አንተ ታውቀዋለህ። ነገር ግን ከዓመት በኋላ በበራችን ገብተህ፣ እሷ ፊትህን በእጇ እየዳሰሰች ስትፈልግህ፣ “ለምን አልነገርሽኝም?” ብትለኝ ምን እመልስልሃለሁ? ቅር አይበልህ፣ ከሁለቱ ጥፋት ይኼኛውን መርጫለሁ። ደግሞም ለእሷ ብቻ ብዬ አይደለም። ናፍቀኸኛል፣ ወንድሜ። በጣም ናፍቀኸኛል።

ዮኤልን ሰላም በልልኝ፤ ሲያስልህ ሻይ የሚያፈላልህ እሱ መሆኑን ስለነገርከኝ እንደ ወንድሜ ነው የማየው። እትዬ ዘይነባ “አላህ ይጠብቀው፣ ለአገሩ ያብቃው” ብለዋል፤ ከእማዬም ጋር ታርቀው አሁን መንገድ ላይ ክንዷን የሚይዙት እሳቸው ናቸው። ጆሲም ሰላም ብሎሃል።

እማዬ ምን እንደምጽፍልህ አልጠየቀችኝም። “የእኔንም ሰላምታ አስገቢልኝ” ብላ አጠገቤ ተቀምጣ ያስጻፈችኝ ቃል በቃል ይኸው፤ “ልጄ፣ ለእኔ አታስብ። ኮምፒዩተሩ ተሠርቷል፤ አሁን ጥርት ብለህ ነው የምትታየኝ። ባለፈው እሑድ ደግሞ ጢምህን ተላጭተህ ፊትህ ወለል ብሎ ሳየው እንዴት ደስ እንዳለኝ!”

ኪዳን፣ ጢምህን ማሳደግ ከጀመርክ ሦስት ወር ሆኖሃል።

እህትህ ማራኪ

ኮልፌ ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.