ስሟ የቀረው ድንጋይ

ጥር ፱ ቀን፣ ሐሙስ

ለምወድህ ልጄ፣

ድምፅህን ትናንት ማታ ሰምቼዋለሁና ስለ ጤናህ ብዙ አልጠይቅህም። መርከባችሁ የትም ወደብ ብትቆም፣ ይህ ወረቀት ሲደርስህ ብቻህን ሆነህ አንብበው። በስልክ ያልነገርኩህ፣ ልጅህ ከጎኔ ስለማትጠፋ ነው። ስልኩ ሲጮህ ቀድማኝ የምታነሳው እሷ ናት፤ ሳትጠግብህም አትሰጠኝም።

መምህርቷ ባለፈው ሳምንት አስጠርታኝ ነበር። ምን አጥፍታ ይሆን ብዬ የሥራ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር፣ አቧራዬን እንደ ለበስኩ ሄድኩ። ለካስ ልጅቱ መጽሐፍ ገልጣ፣ ጣቷን ከመስመሩ ሥር እየጎተተች ለጓደኞቿ ታነብላቸዋለች። ሥዕሉ የዶሮ ነው። እሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እዚህ ያረፈችው ዶሮ ደግና ሰው አክባሪ ነበረች" ትላለች። ጥንቸሉንም ዝሆኑንም እንዲሁ አሳርፋቸዋለች። አንዱ ልጅ ዝሆኑ ሞተ ብሎ እያለቀሰ ቤቱ ገብቷል። ምን ላድርግ፤ የመቃብር ድንጋይ ጠራቢ ያሳደጋት ልጅ ናት፣ ስታየው የኖረችው ጽሑፍ ሁሉ የሚጀምረው እንደዚያ ነው። ሳቄ መጣ።

መምህርቷ ግን አልተቆጣችም። ይህቺ ልጅ ለንባብ ደርሳለች አለችኝ። መጽሐፍ ዘቅዝቃ አትይዝም፣ የስሟን ፊደል የትም ብታየው ትለየዋለች፣ ተረት ሳነብላት አንድ ቃል ብዘል ዘለልሽ ትለኛለች አለች። እኔ ቤት የማየውን አልነገርኳትም እንጂ ከዚያም በላይ አውቃለሁ። መንገድ ስንሄድ በየሱቁ በር ገትራ ታቆመኛለች፤ ይኼ ምን ይላል ነው ሥራዋ። ሌላ አያት ቢሆን ደስታውን አይችለውም ነበር። እኔ ግን ያን ቀን እየፈራሁ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ለምን እንደሆነ ታውቀዋለህ። ሚስትህን ስንቀብር አንተ ባሕር ላይ ነበርክ። "እኔ መጥቼ በአፌ እስክነግራት እንዳትነግራት፣ እናትሽ አባትሽ ዘንድ ናት በላት" አልከኝ፤ ቃልህን ጠበቅኩ። በደወልክ ቁጥር "እማዬን አቅርብልኝ" ትልሃለች፣ ተኝታለች ትላታለህ፣ እኔ ግድግዳ ግድግዳውን አያለሁ። ይኸው ክረምቱ አልፎ በጋው ሊጋመስ ነው። ሰፈርተኛው የጠራቢው ምራት ድንጋይ አጣች እያለ ያማኛል። ሆድ ይፍጀው አልኩ።

የምራቴ የሥራ ጋዋን ዛሬም ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው። ደረቱ ላይ ስሟ በቀይ ክር ተጠልፏል። ልጅህ ድሮ ጣቷን እያስኬደችበት ምን ይላል ስትለኝ፣ እማዬ ይላል እላት ነበር። በቀደም ግን እማዬ አይልም፣ ስሟን ነው የሚለው ብላ አረመችኝ። ያኔ ነው ጊዜ እንዳለቀብን የገባኝ።

ድንጋዩን የጀመርኩት በዚያው ሰሞን ነው። እሷ ትምህርት ቤት ስትውል እጠርባለሁ፣ መምጫዋ ሲደርስ ጆንያ አለብሰዋለሁ። ከላይ "እዚህ ያረፈችው" አልኩ፣ ከታች "የአንዲት ልጅ እናት" አልኩ፣ መካከሉን ለስሟ ተውኩት። ከዚያ በኋላ መሮውን ባነሳሁ ቁጥር መልሼ አስቀመጥኩት። አንተ እስክትመጣ ይቆይ እያልኩ ራሴን አታለልኩ እንጂ ፈርቼ ነው። ስሟን ካየች ታነበዋለች።

ትናንት ለደንበኛ ድንጋይ ላቆም ወጥቼ ዘገየሁ። ጎረቤታችን ልጅቱን ከትምህርት ቤት አምጥታ ግቢ አስገብታት ሄዳለች። ስመጣ ጆንያው መሬት ላይ ነው። ልጅህ ድንጋዩ ፊት ተንበርክካ፣ የማሰምርበትን ጠመኔ ይዛ፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ ትጽፋለች። ጋዋኑን አውርዳ ከጎኗ ዘርግታዋለች፤ እሱን እያየች ባዶው ቦታ ላይ የእናቷን ስም ገልብጣ ጨርሳለች። ዞር ብላ አየችኝ።

"አባባ፣ ስሟን ረስተኸው ነው? እኔ ጻፍኩልህ" አለችኝ።

እዚያው አጠገቧ አፈሩ ላይ ቁጭ አልኩ። እሷ አላለቀሰችም፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ጋዋኑን አጣጥፋ ታቅፋ ገባች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔና አንተ ግን ሕፃኗን ብቻዋን ሳለች እንዲነጋባት ተውናት።

ፊደሎቿ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ነው፣ መስመር ለቀው ሽቅብ ይወጣሉ። ጠማማ መስመር ከእኔ ግቢ ወጥቶ አያውቅም። ይህን ግን አላቀናውም። ነገ ከትምህርት ቤት አስቀርቻት፣ አጠገቤ አስቀምጬ፣ እሷ በጻፈችው ላይ እጠርበዋለሁ። አንተም ፈቃድ ጠይቀህ ና፤ ሳትመጣ አላቆመውም። ከእንግዲህ የምትነግራት ነገር የለም፣ መጥተህ እቀፋት።

ትናንት ማታ ስትደውል የቀን ውሎዋን አወራችህ፣ አሳቅኻት፣ ደህና እደር ብላህ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። እናቷን አቅርብልኝ አላለችህም። ልብ ብለኸው ይሆን?

ባሕሩ ይራራልህ፣ የወሰደህ መንገድ መልሶ ያግባህ።

አባትህ