ጥቁሩን ብረት እንዳትፈትጉብኝ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ፣ ከእማዬ ቀጥለሽ ላሳደግሽኝ ለእህቴ ለእታለም።

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? እማዬስ እንደምን ናት፣ ጉልበቷ ደረጃውን ያስወጣታል? ባለቤትሽ ጋሼስ ያ ሳል ተዋቸው? መንትዮቹስ አሁንም በአንድ ትራስ ይጣላሉ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። እጄ ላይ ሁለት የቃጠሎ ምልክት አለ፤ እሱም የሙያ ነውና አትደንግጪ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የስፌት ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ እጅሽን አጣጥፈሽ መቀመጥ እንዳንገሸገሸሽ፣ ትምህርት ቤቱ በር አጠገብ ባለችው ጠባብ መስኮት ዋፍል፣ ያን በሁለት ብረት መሐል የሚጋገር ጣፋጭ ቂጣ፣ እየጋገርሽ ለመሸጥ እንደቆረጥሽ ስትነግሪኝ ደስ አለኝ፣ ፈራሁም። ከሥራ መውጣትሽ ምን ያህል እንደሰበረሽ አውቃለሁና ይህኛው እንዲሳካልሽ እፈልጋለሁ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ የሚያብረቀርቅ የዋፍል መጋገሪያ እንድልክልሽ ጠይቀሻል። እታለም፣ በዚህ በአንዱ ብቻ አልታዘዝሽም። መብራት በጠፋ ቁጥር ልጆቹ ተሰልፈው አንቺ ሽቦ ይዘሽ ልትቆሚ ነው? የላክሁልሽ ምድጃ ላይ የሚጣደውን፣ እንደ መጽሐፍ የሚከፈትና የሚዘጋውን ድፍን ብረት ነው።

የዚህን ብረት ጠባይ ያወቅሁት አጥፍቼ ነው። የምሠራበት ቁርስ ቤት ባለቤት፣ በሌለችበት "ኮስታራዋ" የምንላት፣ ከእናቷ የወረሰችው የዋፍል ብረት አላት። የተቀጠርኩ ሰሞን ከሰል መስሎ ባየው እኔ አፈርኩላት። በእኛ ቤት ድስት ፊት ካላሳየ መች ታጠበ ይባላል? እማዬ በአመድ ስታስፈትገን ያደግን ልጆች ነን። ሳሙና በጥብጬ፣ በሽቦ ፈትጌ ፈትጌ አብለጨለጭሁትና እርጥቡን ገጥሜ ሰቀልኩት። እንዲያውም ምስጋና እጠብቅ ነበር። በማግሥቱ ስንከፍተው ዝጎ ቀልቷል፤ የመጀመሪያው ሊጥ በቢላ ተፍቆ ወጣ። ኮስታራዋ እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ መጣች። የእናቷን የሠላሳ ዓመት እጅ አጥቤ እንደደፋሁት፣ እስከ ሰኞ ካልመለስኩትም ሌላ ሥራ እንድፈልግ ነገረችኝ።

ያዳኑኝ ከጓሯችን ቢላ የሚስሉት ሽማግሌ ናቸው። ስቀው ስቀው ሲያበቁ፣ ያ ጥቁር ነገር እድፍ ሳይሆን ዘይትና እሳት ብዙ ዘመን ተባብረው ለብረቱ ያለበሱት ቆዳ እንደሆነ አስረዱኝ። እሳቸው እንዳሉኝ ዝገቱን አስለቅቄ፣ ምድጃ ላይ አድርቄ፣ ዘይት ቀባሁና ያልቀባሁት እስኪመስል በጨርቅ ጠረግሁት፤ ከዚያ እስኪጨስ አሞቅሁት። ይህን ስምንት ጊዜ ደጋገምኩ። ሰኞ ዕለት ሦስተኛው ዋፍል ማንም ሳይጎትተው ብድግ አለ። ኮስታራዋ ጠርዙን ቆርሳ ቀመሰችና ንጹሕ ሽርጥ ወረወረችልኝ። የእሷ ይቅርታ እንዲህ ነው።

በኋላ የራሴን ብረት ከአሮጌ ዕቃ ተራ ስገዛ ሽማግሌው አብረውኝ ሄዱ። ሁለቱን ፊት ገጥመው ወደ ፀሐይ አነሱት፤ በጠርዙ ብርሃን ካለፈ ሊጡም ያልፋል አሉኝ። ማጠፊያው ለማጽዳት እንደሚላቀቅ፣ እጀታው እጅን ከእሳት እንደሚያርቅ አዩልኝ። እኔ ቀላሉን ሳነሳ እሳቸው ከባዱን አስያዙኝ፤ ሙቀት የሚይዘው እሱ ነው።

ስትጋግሪ ሁለቱንም ፊት አሙቂ፣ ዘይት በብሩሽ አስነኪ፣ ሊጡን እንዳፈሰስሽ ወዲያው ገልብጪው። እንፋሎቱ ሳያቆም እንዳትከፍቺው፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። የመጀመሪያው መበላሸቱ አይቀርም፤ እሱን ለጋሼ ስጪያቸው፣ እሳቸው እንደሆኑ የተቃጠለ ነገር አይመልሱም። ስትጨርሺ ሞቅ እንዳለ በደረቅ ብሩሽ ጠርጊውና ዘይት ቀባ አድርገሽ፣ ሳትገጥሚው አስቀምጪው። ውሃ ከነካው እሳት ላይ አድርቂው። ሳሙና ግን በዓይኑም አይየው።

አሁን የምነግርሽን ሰምተሽ እንዳትቀየሚኝ። ጥቅሉን ስትፈቺ አዲስ ብረት አታገኚም። አዲስ ገዝቼልሽ ነበር፤ ግራጫ፣ ጭረት የሌለው፣ ለስጦታ የሚያምር። ነገር ግን አዲስ ብረት እስኪለምድ ወራት ይፈጅበታል፣ አንቺ ደግሞ በቂ ጊዜ ጠብቀሻል። ስለዚህ አዲሱን ለራሴ አስቀረሁና ዓመት ከአራት ወር በየጠዋቱ የጋገርኩበትን የራሴን ላክሁልሽ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይታዘዝሻል። እኔ እንደገና ከስምንቱ ቅብ እጀምራለሁ፤ ለአንቺ ሲሆን አይከብደኝም።

ጋሼን እጅ ነስቻለሁ በይልኝ። መንትዮቹን ግንባር ግንባራቸውን ሳሚልኝ፤ ለጎረቤታችን ለአናጢውም መስኮቷን ስላበጀልሽ ምስጋናዬን አድርሺልኝ። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ብረቱን ግን አመዷን ይዛ ሳትነሣ ቀድመሽ አሳያት። አደራ፣ እድፍ አይደለም በያት። የልጅሽ እጅ ነው በያት።

ታናሽ ወንድምሽ
ከቁርስ ቤቱ በላይ ካለችው ክፍሌ፣ ኅዳር ፱ ቀን