ባለመዶሻው ከክቡርነትዎ ይሻላል

ለክቡር የመንጃ ፈቃድ የተግባር ፈተና ዋና ፈታኝ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን፣ የመላ ቤተሰብዎን፣ በተለይም የቀኝ እግርዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እግርዎን ለብቻው ያነሣሁበት ምክንያት አለኝ፤ ስንደርስበት አብረን እናየዋለን። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት ለክቡርነትዎ ያለኝን ክብር ሰው ሁሉ ይወቅልኝ ብዬ ነው። ቀደም ሲል በእርስዎ ላይ በዝግ ፖስታ ያስገባሁት አቤቱታ ተጣርቶ መልስ እንዲሰጥበት የተመራው ለእርስዎው ሲሆን፣ እርስዎም ራስዎን በጥንቃቄ መርምረው ምንም ጥፋት አላገኙም። ስለ ቅልጥፍናዎ አመሰግናለሁ።

ስሜን ካላስታወሱት፣ ለጸሐፊዎ “ያቺ የዳቦ ቤቷ” እያሉ የሚያነሡኝ ሴት ነኝ። ከምድጃ የወጣ ዳቦ በሳጥን እየደረደርኩ ማከፋፈያ መኪናው ላይ ስጭን ዓመታት ያለፉኝ፣ የቀድሞው ሾፌር ጡረታ ሲወጡ የዳቦ ቤቱ ባለቤት “መንጃ ፈቃድ አውጪና መሪው ያንቺ ነው” ብለው ቃል የገቡልኝ ነኝ። ወገቤን ከሣጥን፣ ፊቴን ከምድጃ የማሳርፍበት መንገድ ያ ብቻ ነበር። ጋቢና ውስጥ መቀመጥ ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ ለክቡርነትዎ ማስረዳት ይከብደኛል፤ ክቡርነትዎ ከጋቢና ወርደው አያውቁምና። ቅሬታዎቼን እንዳይሰለቹ በቁጥር አድርጌያቸዋለሁ።

፩ኛ) ስለ ዳገቱ። በፈተና ሜዳዎ ላይ መኪና አጋማሹ ላይ ቆሞ፣ ወደ ኋላ ሳይንሸራተትና ሞተር ሳይጠፋ መነሣት ያለበት አንድ ዳገት እንዳለ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ይህንኑ ሥራ በልምምድ ጊዜ ስሠራ አሠልጣኜ ጎኔ ተቀምጠው ያንቀላፉ ነበር። እርስዎ ጎኔ በተቀመጡ ቀን ግን ፍሪሲዮኑን እንደ እንቁላል አቅፌ፣ ነዳጁን አመጣጥኜ ልነሣ ስል ሞተሩ እክ ብሎ ሞተ። ጥፋቴ ምን እንደሆነ በትሕትና ብጠይቅ፣ ጥፋቴን ራሴ እንደማውቀው ነግረው አስወረዱኝ። በሚቀጥለውም ቀጠሮ እንዲሁ። ከዚያም እንደ አባት መክረው፣ የክብርት ባለቤትዎ ማሠልጠኛ ተቋም ገብቼ እንደገና ብማር እንደሚሻለኝ ጠቆሙኝ። ስለ ምክሩም አመሰግናለሁ፤ በነገራችን ላይ ምክሩን ያገኘሁት እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ከአጥሩ ሥር ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ነግረውኛል።

፪ኛ) ስለ ባለመዶሻው። እዚህ ላይ ትንሽ ይታገሡኝ። ፀጉር አስተካካይ የሆነው ታናሽ ወንድሜ ከሥራ ሲመለስ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክቶ የሚጫወተው ጌም አለው። እኔ ያን ነገር የሥራ ፈት መጫወቻ አድርጌ ስንቀው ኖሬያለሁ። ከዳገትዎ ተባርሬ አኩርፌ በተቀመጥኩበት ቀን፣ ወንድሜ ሰው ከማኩረፍ ጭራቅ መግደል ይሻላል ብሎ ጆይስቲኩን እጄ ላይ አስቀመጠው።

ጨዋታው ይህን ይመስላል፦ አንድ ምስኪን ተዋጊ ይሰጥዎታል፤ ሰይፍና ጋሻ አለው፤ እየተዋጋ ልምድ በሰበሰበ ቁጥር ጉልበቱን ወይም ብልሃቱን እርስዎ መርጠው ያሳድጉለታል። ታዲያ ከመጀመሪያው ቅጥር በር ላይ ቤት የሚያህል መዶሻ የተሸከመ ዘበኛ ቆሟል። ገደለኝ። ተነሥቼ ሄድኩ፣ ገደለኝ። እንደ ጎመን ቀጠቀጠኝ ብል አላጋነንኩም። ወንድሜ እየሳቀ “እጅሽን አትዪ፤ እግሩን እዪ” አለኝ። ባይ፣ ለካ መዶሻው ከመውረዱ በፊት ሰውዬው ሁልጊዜ ግራ እግሩን ወደ ፊት ያንሸራትታል! ሁልጊዜ፣ ለሁሉም ሰው። የሀብታም ልጅ ቢመጣም፣ እኔ ከነዱቄቴ ብመጣም ያው እግር፣ ያው መዶሻ። ስሞት ጥፋቴ የት እንደነበር አየዋለሁ፦ ቸኩያለሁ፣ ወይም ሳልጠግብ አልሸሽም ብዬ አንድ ምት ጨምሬያለሁ። የሰበሰብኩት ልምድም ከእኔ ጋር ሲወድቅ፣ ማንም ሳይነካው ወድቄ በቀረሁበት ቦታ ይጠብቀኛል፤ ዳግም ሳልሞት ከደረስኩበት የኔው ነው።

በመጨረሻ የጣልኩት ዕለት አለቀስኩ። ለአንድ የቴሌቪዥን ዘበኛ ማልቀሴ ለክቡርነትዎ ቀልድ ሊመስል ይችላል። እኔን ያስለቀሰኝ ግን ማንም ሳይደውልልኝ፣ ማንም ሳያዝንልኝ፣ በገዛ እጄ ማለፌ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ዓለም ላይ መኖሩን እርስዎ ሊያስረሱኝ ተቃርበው ነበርና።

፫ኛ) እነሆ ወደ እግርዎ ደረስን። ተፈታኞች ፈርተው እንዲማሩ በማለት ተረኞችን ከኋላ ወንበር የማስቀመጥ ልማድ አለዎት። ከኋላ በተቀመጥኩበት ጠዋት ከፊቴ የምትነዳው ነፍሰ ጡር መምህርት ነበረች። እጇን አላየሁም፤ ተምሬያለሁ። እግርዎን አየሁ። ልትነሣ ስትል ክራቫትዎን አስተካከሉ፤ ቀጥሎም የተወለወለው ቀኝ ጫማዎ በእርስዎ በኩል ለአደጋ ጊዜ በተተከለው ሁለተኛ ፍሬን ላይ ቀስ ብሎ፣ ድመት ወደ ወተት እንደምትቀርብ፣ ዐረፈ። ሞተሩ እክ አለ። “ውረጂ” አሏት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው፤ እርስዎ ይረግጣሉ፣ እኛ እንወድቃለን። ከእሷ ቀጥሎ የገባውም ሰው ሲነሣ ክራቫትዎ ተስተካከለ፣ ሞተሩም ጠፋ።

፬ኛ) የክብርት ባለቤትዎ ወንድም ግን ያንኑ ዳገት ሲወጣ ክራቫትዎ አልተነካም። የኋላ ማርሽ ላይ ለፈተና የተተከለውን ዘንግ ገጭቶ ጥሎ እንኳ አልፏል። እንኳን ደስ ያለዎት።

፭ኛ) ስለ ትራሱ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ከአጥሩ ሥር ላገኘሁት ሁሉ ያየሁትን ነግሬ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ተፈታኝ፣ ያቺው መምህርት፣ ገብታ መሪውን ከመጨበጧ በፊት ከቤቷ ያመጣችውን ትንሽ ትራስ በሁለት እጇ አቅርባልዎት፣ እግርዎ ስለሚያምዎት ከፍሬኑ ራቅ አድርገው እዚህ ላይ ያሳርፉልን ብላ ለመነችዎት። ከኋላ የተቀመጥነው ሦስታችንም አንገታችንን አስግገን ጫማዎን በስስት እንመለከት ነበር። ምን ይበሉ? አሳረፉት። መምህርቷ ዳገቱን እንደ ቅቤ ወጣችው። ተከታዩም ትራሱን አስተካክሎ፣ እግርዎን እንዴት አደረ ብሎ ወጣው። ያን ጠዋት ሞተር የሚባል ነገር አልጠፋም፤ ክራቫትዎ ብቻ ላብ ጠጥቶ አንገትዎ ላይ ተጣብቆ ነበር። ያየሁት ደስታ ከሠርጌ ቀን ይበልጥብኛል፤ ባለቤቴም ይህን ቢያነብ አይከፋውም።

እኔንም ዳገቱ አልጣለኝም። የጣሉኝ ሜዳው ላይ አቁመውኝ፣ በምክንያት መጻፊያው ላይ “ፈታኙን በሚያውክ ትሕትና” ብለው ጽፈው ነው። እስከዛሬ ሰው በስድብ ሲወድቅ አይቻለሁ፤ በትሕትና የወደቅኩ የመጀመሪያዋ እኔ ሳልሆን አልቀርም። በዚሁ ሳምንት የዳቦ ቤቱ ባለቤት መጠበቅ አልቻሉም፤ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ሲመጣላቸው መሪውን ሰጡት። ሰውየው ማን እንደነበር ለመገመት ብዙ አይድከሙ፤ የባለቤትዎ ወንድም ነው። ዳቦውን እኔ ጫንኩለት፤ ሣጥኑን ሳነሣ ፀጉሩን በመስታወት ያስተካክል ነበር። እውነቱን ልንገርዎት፣ ያን ጠዋት ሞቼ ነበር።

፮ኛ) ቅሬታ አይደለም፤ የምሥራች ነው። አማችዎ የዳቦ ቤቱን መኪና ከመጋዘኑ በር ዓምድ ጋር አጋጭተው ዳቦውን ቂጣ አድርገውታል። ምናልባት ዓምዱ ዘንግ መስሏቸው ይሆናል። ተሰናብተዋል፤ መሪውም ወድቄ በተውኩበት ቦታ ባዶውን ቁጭ ብሎ እየጠበቀኝ ነው። የዳቦ ቤቱ ባለቤት የመጨረሻ ዕድሌ የፊታችን ማክሰኞ እንደሆነ ነግረውኛል። የትራሱን ቀን ምስክሮች ቃል የሰሙት የበላይ አለቃዎም ደግ ሰው ናቸውና፣ ለማክሰኞ ሌላ ፈታኝ ሊመድቡልኝ ጠይቀውኝ ነበር።

አመስግኜ እምቢ አልኩ። ጨዋታው ውስጥም ከባለመዶሻው ጀርባ በአጥር ሾልኮ ማለፊያ መንገድ እንዳለ ወንድሜ አሳይቶኝ ነበር፤ ያን ጊዜም እምቢ ብያለሁ። መንጃ ፈቃዴን የምፈልገው ከእርስዎ እጅ ነው፤ ብዕርዎ “አልፋለች” ብላ ስትጽፍ ጎንዎ ተቀምጬ ማየት እፈልጋለሁ። አለቃዎም ከኋላ ወንበር ሊቀመጡ ቃል ገብተውልኛል።

እስከ ማክሰኞ ጤናና ዕድሜ እንዳይለይዎት እየተመኘሁ፣ እንዳይታመሙብኝ፣ ፈቃድ እንዳይወጡብኝ፣ ዝውውርም እንዳይጠይቁብኝ በትሕትና እማጸናለሁ።

በሚያውክ ትሕትና፣
ያቺ የዳቦ ቤቷ

ግልባጭ፦
ዳገቱ ላይ ሞተር ለጠፋባቸው ሁሉ

ማሳሰቢያ፦ ባለመዶሻው ያን ሁሉ ጊዜ ገድሎኝ ቂም አልያዝኩበትም፤ ዋሽቶኝ አያውቅማ። ለእርስዎም ይቅር ልልዎት ፈልጌ ጸሎት ጀምሬ ነበር፤ እናቴ ግን ሰምታ “ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት” ብላ ከለከለችኝ። እናትን መታዘዝ ይገባል፤ ስለዚህ ጸሎቱን ትቼ ቂሙን ብቻ ይዤ እመጣለሁ።