በሰልፍ ላይ የተጨፈለቀችው ሙዜ

ውድ አንባቢዎቼ፣ ደብዳቤዬን ከመጀመሬ በፊት አንድ ሀፍረቴን ላዋያችሁ፦ ባለፈው እሑድ፣ ቀበሌው ሁሉ እያየ፣ በቱታዬ ወገብ የደበቅኳት ሙዝ «ቁጭ! ብድግ!» ሲባል ተጨፍልቃ በእግሬ በኩል ወረደች። ጎረቤቴ አሰለፈች እስካሁን ባየችኝ ቁጥር አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች።

ለተከበሩ ጓድ መርዳሳ፣
የቀበሌያችን የማስ ስፖርት ኮሚቴ ሊቀ መንበር
ናዝሬት

ጤናዎ እንደ ፊሽካዎ ድምፅ የበረታ፣ ትንፋሽዎም እንደ ንግግርዎ የማያልቅ ይሁን እያልኩ ቅሬታዬን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ እንደሚያውቁት ከልጅነቴ ጀምሮ ኢንሱሊን የምወጋ የስኳር በሽተኛ ነኝ። እሑድ ጠዋት መርፌዬን ቀቅዬ፣ ተወግቼ፣ ቂንጬዬን በልቼ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እሰለፋለሁ። እርስዎ ግን የስፖርትን ጥቅም ሲያስረዱን ሁለት ሰዓት ይሞላል፤ ሩጫው የሚጀመረው ቂንጬው ካለቀ፣ መድኃኒቱ ግን ገና ሥራ ላይ ሳለ ነው። ሐኪሜ ስፖርቱን ወዶልኛል፤ የጠላው ሳልበላ መሮጤን ነው። «በሰልፍ ላይ ማኘክ የዲሲፕሊን ጉድለት ነው» ብለው ሐኪሙን ከነዲግሪው ስላረሙልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ሁለተኛ፣ ሙዜ ከተሠዋች በኋላ ስሮጥ ስኳሬ ወረደ። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ የመጨረሻውን መስመር አልፌ ወደ ወንጂ መንገድ ቀጠልኩ። እግሬ ስኳር የት እንደሚፈበረክ ያውቃል መሰለኝ። ባለጋሪው አብዱናሲር «እህቴ፣ ወዴት ነው?» ብሎ ይዞኝ ከረሜላ ባያጎርሰኝ ኖሮ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልዎ አይኖርም ነበር። እርስዎም በድምፅ ማጉያው «ይህን ላብ እዩ! ይህን የትግል ስሜት እዩ!» ብለው አርአያ ስፖርተኛ አድርገው መረጡኝ። ራሷን በመሳት ለመሸለም የበቃሁ የመጀመሪያዋ የከተማችን ሴት ሳልሆን አልቀርም።

ሦስተኛ፣ ለዚሁ ክብር በመጪው እሑድ ከፊት ቆሜ እንድመራ አዘዋል፤ ከፊት ደግሞ ኪስ መንካት እንኳ አይፈቀድም። ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ከንግግርዎ በኋላ፣ ከሩጫው በፊት፣ አንዲት ሙዝ።

ቢፈቅዱም ባይፈቅዱም ሙዟን በእጄ ከፍ አድርጌ እሰለፋለሁ። የሆነውን ሁሉ ለአንባቢዎቼ አሳውቃለሁ፤ ከፈቀዱ ከሰልፉ፣ ከከለከሉ ከወንጂ ሆኜ።

ከማያቋርጥ አድናቆትና ከሚንቀጠቀጥ አብዮታዊ ሰላምታ ጋር፣
አርአያ ስፖርተኛ ዘመናይ ገሠሠ

ማሳሰቢያ፦ በንግግርዎ መሃል «ሰነድ ላጣራ» እያሉ ከሜዳው ዳር ካለው ዛፍ ጀርባ ደርሰው ሲመለሱ ከንፈርዎ ላይ የፓስቲ ዘይት ይቀራል፤ ፊሽካው እንዳያንሸራትትዎ ጠረግ ያድርጉት። ከዛፉ ጀርባ ለአንዲት ባለ ሙዝ የሚሆን ቦታ ካለም ቢጠቁሙኝ ሰነድ አብሬዎ አጣራለሁ።