ሲኒማ ቤት ያመለጠኝ ሳቅ

ይድረስ ቡልቡላ ላሉት ለውድ እናቴ ለወይዘሮ ዲንቄ።

ሃርሜ፣ አካም ጅርቱ? እንዴት ከርመዋል? ወገብዎን ተሻለዎ ወይ? ላሟስ በሰላም ወለደች? እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ ልቤ ግን ደህና አይደለም። ይህን በመሠረተ ትምህርት በተማርኩት ፊደል ራሴ ጽፌዋለሁ። አጎቴ ሰንበታ ብቻ ያንብብልዎ።

ወንድሜ መርጋ እኔን ሊጠይቅ መጥቶ መናኸሪያ ላይ ለውትድርና እንዳፈሱት መልእክት ልኬልዎ ነበር። አሠሪዬ ጋሽ ገብረወልድ የቀበሌው ሊቀ መንበር ስለሆኑ፣ ወደ ጦር ሰፈር ሳይጫን እንደሚያስፈቱት ቃል ገብተውልኝ ነበር። እሳቸው ውጭ ጓድ ናቸው፤ እቤት እግራቸውን የማጥበው እኔ ነኝ። በስብሰባ «ገረድ የሚባል ቃል ቀርቷል» ካሉ ወዲህ ባለቤታቸው እትዬ እልፍነሽ የሚጠሩኝበት ስም ጠፍቷቸው «አንቺ» ሆኜ ቀርቻለሁ።

እሑድ ዕለት እትዬ ልጆቻቸውን እንድይዝላቸው ሲኒማ ወሰዱኝ። የህንድ ፊልም ነው፣ የሚያስቅ። ገረዲቱና እመቤቲቱ ልብስ ተለዋውጠው አንዷ በሌላዋ ቦታ ይገባሉ። ገረዲቱ ከነትሪዋ ስትወድቅ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔን አላሳቀኝም፤ ሰሃን የሰበርኩ ዕለት የደረሰብኝን አልረሳሁም። እመቤቲቱ ከሰል ማቀጣጠል አቅቷት ፊቷ ጥላሸት ሲለብስ ግን ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እትዬ «ምን አሳቀሽ?» ቢሉኝ «እርስዎን መስላኝ!» አልኩ። ምላሴ ይቆረጥ!

ከኋላችን የነበሩት ሰምተው ሳቁ። እትዬ ተቆጥተው እስከ ቤት ድረስ ጥለውኝ ቀድመው ሄዱ። በማግስቱ ጋሽ ገብረወልድን ስለ መርጋ ባስታውሳቸው «እሷን ጠይቂ» አሉኝ። ድንጋይ ተሸክሜ እትዬ እግር ላይ ወደቅሁ። እትዬም «ተነሺ፣ ፊልም አትሥሪብኝ» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

ረቡዕ ጠዋት የታፈሱትን ወጣቶች መኪና ላይ ጫኗቸው። ሮጬ ደረስኩ። መርጋ ከመኪናው ላይ ሲያየኝ ፊቱ በርቶ «ነገርሻቸው አይደል? እየመጡ ነው?» አለኝ። መኪናው ተነሣ።

እናቴ፣ እዚህ ቤት መኖር አንገሽግሾኛል፤ ግን አልለቅም። የዘማች ወሬ መጀመሪያ የሚደርሰው ጋሽ ገብረወልድ ዘንድ ነው።

እህቴን ጫልቱን፣ ልጇን ሆራን፣ አጎቴ ሰንበታንም ከነቤተሰቡ በያሉበት ይሳሙልኝ። ጎረቤት «መርጋ እንዴት ተወሰደ?» ብሎ ቢጠይቅዎ ተራው ደርሶ ነው ይበሉ። እህቱ ስቃ ነው አይበሉብኝ።

ልጅዎ ጉዲቱ
ናዝሬት፣ ኅዳር 14 ቀን 1978 ዓ.ም.