የተሸለቱ በጎችና ብርድ ናፋቂዎች

ኦቤሮን፣ ከኮረብታው ቤት
ሰኞ፣ ሜይ 29

ለልጄ ለሜሪን፤

ደብዳቤሽ ዓርብ ደርሶኛል። ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ሁለተኛውን ያነበብኩት ስለገረመኝ እንጂ ስላልገባኝ አይደለም። በስልክ እንድመልስልሽ ጠይቀሽ ነበር። በስልክ ስንነጋገር ታቋርጪኛለሽ፤ ስለዚህ እጽፋለሁ። ደኅና ነኝ። አንቺም በዚያ በላብ አገር ደኅና እንደሆንሽ ተስፋ አደርጋለሁ። ዳርዊን ሠላሳ ሦስት ዲግሪ መሆኑን በሬዲዮ ሰምቻለሁ። በሜይ መጨረሻ ሠላሳ ሦስት ዲግሪ የምድጃ እንጂ የአገር አየር አይደለም።

የጠየቅሽኝን ልድገመውና እንግባባ። ክረምቱ ሳይገባ ወይ አብሮኝ የሚኖር ሰው ልቅጠር፣ ወይ እናትሽ ያወረሰችሽ ሰማንያ በጎች ይሸጡና ቤቱን ቆልፌ ወደ አንቺ ልምጣ። ወሩ ሳያልቅ መልስ ትፈልጊያለሽ። እግሬንም ጠይቀሻል። እግሬ ያለበት ቦታ ላይ ነው።

ከመልሴ በፊት ግን የቅዳሜውን ነገር ከእኔ ስሚው። ግሌኒስ ቀድማኝ ጽፋልሽ ሊሆን ይችላል፤ የእሷ መልእክት ደግሞ ቃለ አጋኖ ይበዛበታል።

እንደምታውቂው በየዓመቱ ቅጠሉ ረግፎ ሲያልቅ፣ በሜይ የመጨረሻው ቅዳሜ፣ ብርድ ናፋቂዎቹ ከሲድኒ ይመጣሉ። ይህን ስም ያወጣችላቸው እናትሽ ናት። ሥራቸው ምን እንደሆነ ዛሬም በቅጡ አልገባኝም፤ ሰማይ እያዩ ሲከራከሩ ይውላሉ፣ ሲመሽ ይበላሉ፣ ከዚያ ደግሞ ስለነገው ሰማይ ይከራከራሉ። እኔ አብሬያቸው የምከራከረው ትክክለኛውን የሚናገር አንድ ሰው ስለሚያስፈልጋቸው ነው። ዘንድሮ ስድስት ነበሩ። ግሌኒስ፣ የትምህርት ቤት ወጥ ቤቷ፣ የዱባ ሾርባዋን በትልቅ ድስት ይዛ መጣች። ፓኖስም መጣ። ያ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር ለዐሥራ አንድ ዓመት አንድም ጊዜ ሳያጓድል መጥቷል። በየዓመቱ «ዛሬ አመዳይ ይጥላል» ይላል፤ እኛ ግቢ ግን ከሰማይ ወርዶ መሬት ላይ የቆየ አመዳይ አንድም ቀን አይቶ አያውቅም። ሌላ ሰው ቢሆን ይማር ነበር።

በጎቹ የተሸለቱት ረቡዕ ነው። በሜይ አይሸለትም ማለትሽን አልረሳሁም። ሸላቹ ያለው ረቡዕ ብቻ ነበር፤ ሱፋቸውም ዓይናቸውን ጋርዶት ነበር። ከዚያ ሣር ባለበት በላይኛው መስክ ለቀቅኳቸው። ብርዱ እሑድ ይገባል ብዬ ነበር፤ ቅዳሜ ጠዋት መጣ። ነፋሱ ተሳስቷል ብዬ ለፓኖስ ስነግረው «ደብዳቤ ጻፍለታ» አለኝ።

የተሸለተ በግ ደረቅ ብርድ ይችላል። አመዳይ ቢጥልበት እንኳ ከጀርባው ያራግፈዋል። የሚገድለው ዝናብና አመዳይ ተደባልቆ ከነፋስ ጋር ሲመጣ ነው፤ እኛ ቅልቅል የምንለው። ቆዳውን ያርሰዋል፣ ነፋሱ ሙቀቱን ይነጥቀዋል፣ ከዚያ ይተኛል፣ አይነሣም። ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት እኔም እንደነሱ አመዳይ ተመኘሁ። በፊቴ ላይ ግን አላሳየሁም።

ማዕድ ቤት ተሰብስበው ይሟገታሉ። ቴርሞሜትሩ ሁለት ዲግሪ ላይ ቆሟል። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ግማሹ ውኃ፣ ግማሹ የበረዶ ጠጠር ነው።

«ዝናቡ ጠንከር ይበል ብቻ» አለ ፓኖስ፤ «ከላይ ያለውን ብርድ ጎትቶ ያወርደዋል። ከምሳ በኋላ ነጭ በነጭ ነው፤ ምን አላችሁ?»

«ነፋሱ ከምዕራብ ነው» አልኩት። «ወደ ደቡብ ካልዞረ እስኪመሽ ቅልቅል ነው። አንተ የምትተነብየው በልብህ ነው።»

«አንተስ በምንህ ነው?»

«በቴርሞሜትር።»

«እሱም ካንተ ጋር ኖሮ ግትር ሆኖ ነው እንጂ እስካሁን ይወርድ ነበር።»

«ዝም በሉ እስቲ፣ ጣሪያውን ልስማበት!» አለች ግሌኒስ፣ ጆሮዋን ወደ ላይ ቀስራ። ዝናብ ሲሆን ቆርቆሮው ይደበደባል፣ ጠጠር ሲሆን ይንጫጫል፣ አመዳይ ሲሆን ጸጥ ይላል። ጸጥ አላለም።

በዚህ መሃል ስልካቸው ጮኸ። ከእኛ ከፍ ብሎ ካለው የጥድ ጫካ አንድ ባልንጀራቸው ፎቶ ልኮ ነበር፤ መንገዱም ዛፉም ነጭ ሆኗል። «ምን ትጠብቃላችሁ? ኑ እንጂ!» ይላል። በመኪና የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ሁሉም ተነሥተው ቦት ጫማቸውን አጠለቁ። ፓኖስ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ በሩ ጋ ቀድሞ ቆመ።

እኔ መስኮቱ ጋ ነበርኩ። የሩቁን አቅርቦ በሚያሳየው መነጽር ሳይ በጎቹ የላይኛው አጥር ጥግ ላይ ተጣብቀው ቆመዋል፤ ያውም ነፋሱ ፊት ለፊት በሚመታበት በኩል። በግ ሲጨንቀው የሚመርጠው የከፋውን ጥግ ነው። ካፖርቴን ደረብኩ፣ ዱላዬን አነሣሁና «መንገዱ ሳይዘጋ ሂዱ» ብያቸው ወጣሁ።

«ወዴት ነው አቶ ፓስኮ?» አለች ግሌኒስ ከኋላዬ።

«በጎቹን ላወርድ።»

«ብቻዎን?»

«ሰማንያ በግ ባለበት ማን ብቻውን ነው?»

ፓኖስ ኮረብታውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። «አለቃ» አለኝ፣ «አንተ እዚያ እስክትደርስ በጎቹ ሱፋቸውን መልሰው ያበቅላሉ።» ቁልፉን ኪሱ ከተተና ወደ ሌሎቹ ዞረ። «የሚሄድ ይሂድ። እኔ በግ ላወርድ ነው።»

ማንም አልሄደም። እኔ አልለመንኳቸውም፤ ይህን እንድታውቂልኝ እፈልጋለሁ።

እኔ የታችኛውን በር ያዝኩ። በር የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ፓኖስ ወደ ላይ ከመውጣቱ በፊት ከማዕድ ቤት ወንበር አምጥቶ በሩ አጠገብ አስቀመጠ፤ ለማን እንደሆነ አልተናገረም። ነፋሱ እንዳይወስደው ተቀመጥኩበት።

ከተሜ በግ ሲነዳ አይተሽ አታውቂም። ሁለቱ ጭቃው አዳልጧቸው ግማሹን ቁልቁለት በመቀመጫቸው ወረዱት። ግሌኒስ የድስት ክዳን በጭልፋ እየመታች በግራ በኩል አገደች። ፓኖስ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ተሳፋሪ ያጓጓዘበትን ድምፅ አወጣ።

«ጠጋ ጠጋ በሉ! ወደ ፊት ቦታ አለ! አንቺ ባለ ጥቁር አፍንጫዋ፣ እናቴ፣ መንገድ አትዝጊ! አይገፋፉ!»

እኔ እስካለሁበት ይሰማል። ይታዘዙትም ነበር።

ጅረቱ ጋ ሲደርሱ ግን ቆሙ። ውኃው ሞልቶ የድልድዩን ጣውላ ይልሰዋል፤ ከፊት ያለችው ባለ ጥቁር አፍንጫዋ አልረግጥም አለች። ከኋላ ያሉት መገፋፋት ጀመሩ። ትንሽ ቢቆዩ ተበትነው ወደ አጥሩ ጥግ መመለሳቸው ነበር።

«ተሸከማት!» ብዬ ጮህኩ። «እሷ ከተሻገረች ሁሉም ይከተላሉ!»

«ወገቤስ?»

«ወገብህን ነገ አስበው!»

ፓኖስ ትከሻው ላይ ጫናትና እየተንገዳገደ ተሻገረ። ተከተሉት። አንዷ ግን፣ ግራ ዓይኗ የማያየው፣ አጥሩ ሥር ተኝታ ቀርታ ነበር። ግሌኒስ የራሷን ካፖርት አውልቃ ጠቅልላት እየሮጠች አመጣቻት፤ በሩ ላይ ስትደርስ ሞታ ነበር። ሰባ ዘጠኝ በጎች አሉሽ። ይህንንም ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል።

የቀሩት መሸለቻው ቤት ውስጥ ተጨናንቀው ቆሙ፤ ከጀርባቸው እንፋሎት ይነሣል። ከሰዎቹም ጀርባ ይነሣል። ግሌኒስ ሾርባውን በየኩባያው ቀዳች። ፓኖስ አንድ ጊዜ አውቶቡሱ ውስጥ ምጥ ስለያዛት ሴት እያወራ ሳለ ወሬውን መሃል ላይ አቆመ። ሁላችንም ቀና አልን። ቆርቆሮው ጸጥ ብሏል።

ኩባያቸውን ጥለው ሮጡ። ስድስት ትልልቅ ሰዎች፣ ውኃ የጠገበ ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ ግቢው መሃል አፋቸውን ከፍተው አንጋጠጡ። እውነተኛ አመዳይ ነበር፤ እንደ ባዘቶ ሰፋ ሰፋ ያለ፣ ቀስ እያለ የሚወርድ። ነፋሱ ወደ ደቡብ ዞሯል፤ ለመምሸት ደግሞ ገና ነው። ፓኖስ ግሌኒስን ይዞ ያሽከረክራታል። አንድ ኩባያ ሻይ በምትጨርሺበት ጊዜ ያህል ጣለና ተመልሶ ዝናብ ሆነ።

«አየህ አለቃ! መዝግብ! አመዳይ ብለህ መዝግብ!»

«ሳንቃው ላይ አልቆየም» አልኩት። የመለኪያውን ሳንቃ ታውቂዋለሽ፤ እሱ ላይ ያልቆየ አይቆጠርም።

«ባርኔጣህ ላይ ቆይቷል እኮ!»

«ባርኔጣ መለኪያ አይደለም።»

«ኧረ ጢምህም ላይ አለ!»

«ጢምም አይደለም።»

«አቶ ፓስኮ፣ እርስዎ እኮ ልብ የለዎትም» አለች ግሌኒስ እየሳቀች። «ዝናብና አመዳይ» ብዬ የአየሩን ሁኔታ በምጽፍበት ደብተሬ ላይ መዘገብኩ። ከዚያ በላይ አንዲት ስንዝር አልሄድኩም።

እሑድ ጠዋት ከፓኖስ በቀር ሌሎቹ ሄዱ። የጥድ ጫካው ሰውዬ አመዳዩ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገብቶ የተነሣውን ፎቶ ልኮላቸው ነበር። ፓኖስ ፎቶውን ረጅም ጊዜ ሲያየው ቆየና «ቆንጆ ነው» ብሎ ስልኩን ኪሱ ከተተው። ሲድኒ፣ ሮክዴል ውስጥ ከዳቦ ቤት በላይ ባለ ክፍል፣ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖረው። መስኮቱ ላይ ቴርሞሜትር ሰቅሏል፤ የሚለካው ግን የዳቦ ቤቱን ምድጃ ነው። ይህን ያወቅሁት ትናንት ነው። በዐሥራ አንድ ዓመት ጠይቄው አላውቅም ነበር።

ኋላ የታችኛውን በር ማጠፊያ ፈትቶ ሲገጥም አገኘሁት።

«ማን አዘዘህ?»

«ማንም። ሲጥ ሲጥ ሲል ሰምቼ ነው።»

«ገልብጠህ ነው የገጠምከው።»

«ታዲያ ቆመህ ከምትሰድበኝ ያዝልኝ።»

ያዝኩለት። ትንሽ ቆይቼ «የኋላው ክፍል ጣሪያ አያፈስም» አልኩት።

«ምን ለማለት ነው?»

«አያፈስም ነው ያልኩት።»

«ምድጃ አለው?»

«አለው። አመዱን ራስህ ትጠርጋለህ።»

መፍቻውን አስቀመጠ። «አለቃ፣ እየጠየቅኸኝ ነው?»

«ስለ ጣሪያው እየነገርኩህ ነው።»

ብዙ ሳቀ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ጠረገው፤ ዝናቡ ግን ያን ጊዜ አቁሞ ነበር።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። ሰው አልቀጠርኩም። በጎቹ አይሸጡም። ወደ ዳርዊን አልመጣም። ፓኖስ ሐሙስ ዕቃውን ይዞ ይመጣና ክረምቱን በኋላው ክፍል ይቀመጣል። የሚመጣው አመዳይ ለማየት ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ከተማ በወረድን ቁጥር ሐኪሙ ጋ ጎራ እንበል ማለቱ የራሱ ሐሳብ ነው፤ መኪናው የእሱ ስለሆነ አልተቃወምኩም። ያወጣሁለት ደንብ ግልጽ ነው፤ ጠዋት ጠዋት አይዘፍንም፣ ቴርሞሜትሩን አይነካም፣ በማዕድ ላይ ትንበያ አይናገርም። ሦስቱንም እንደሚጥስ ነግሮኛል።

ጁላይ ላይ ፈቃድ ካገኘሽ ነይ። ወፍራም ልብስ ያዢ፤ እዚያ የምትለብሺውን ይዘሽ እንዳትመጪ። እስከዚያው እግዚአብሔር ጥላ ይሁንሽ፣ ከሥራሽም በሰላም ያግባሽ።

ትናንት ፓኖስ ሞተሩን አስነሥቶ ከሄደ በኋላ መልሶ ወደ ኋላ መጣና መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ለልጅህ ስትጽፍላት፣ ፓኖስ አባትሽን በአደራ ተቀብሏል፣ ተኝተሽ እደሪ በላት» አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር አልጽፍም ብዬዋለሁ።

አባትሽ፣
አልዊን ፓስኮ