በአውድማችን ላይ ስለ ተደረገው ሕጋዊ በረራ

ለተከበሩ የግል በረራ ፈቃድ መምሪያ ኃላፊ

ክቡርነትዎ፣

በቅድሚያ እንደምን ሰንብተዋል እያልሁ፣ በተለይ ሁለቱም እግሮችዎ ደኅና እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። የታላቅ ወንድሜ የወንድምአገኝ ቀኝ እግር ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ውስጥ በብረት ተይዟል።

ለላኩልኝ መልስ እጅግ አመሰግናለሁ። አብራሪው አቶ ቴዎፍሎስ ከጅጋ ወጣ ብሎ ባለው አውድማችን ላይ በአውሮፕላናቸው ዝቅ ብለው የዞሩበት ስፍራ ከተማም ሕዝብ የተሰበሰበበትም ቦታ ስላልነበረ ሕግ እንዳልተጣሰ፣ የአበራረር ስልት ምርጫም የአብራሪው ሙያዊ ውሳኔ እንደ ሆነ አስረድተውኛል። ማኅተሙ ጥርት ብሎ ወጥቷል። የቀሩኝን ጥቂት ቅሬታዎች በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ. ጤፍ ሲወቃ በሬዎች አንገት ለአንገት ተጣምረው ይዞራሉ፤ ወንድሜም ከኋላ ይነዳቸው ነበር። አቶ ቴዎፍሎስ አብረዋቸው የተሳፈሩት እንግዳቸው ፎቶ ማንሣት ስለ ፈለጉ ክንፋቸውን አጋድለው በአናቱ ላይ ዞሩ። በሬዎቹ ደነበሩ። ወንድሜ በሁለት እጁ እያውለበለበ እንዲርቁለት ለመናቸው፤ እርሳቸው ሰላምታ መስሏቸው ለአጸፋው ተመለሱ፣ ይባስ ብለውም ዝቅ አሉ። በሬዎቹ እንደ ተጣመሩ ሲፈረጥጡ ወንድሜ ከእግራቸው ሥር ገባ። ስለ ጨዋነታቸው እናመሰግናለን።

፪ኛ. እኔ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝና መሥሪያ ቤትዎ ዘንግቶት ከሆነ ላስታውስ፦ መሬት አጠገብ ፍጥነቱን ቀንሶ አጋድሎ የሚዞር አውሮፕላን ክንፉ ቢከዳው የሚያገግምበት ከፍታ የለውም። ሕጉ ከዚህ በታች አትውረድ ይላል እንጂ እዚያ ድረስ ውረድ አይልም። የተፈቀደውን ሁሉ ማድረግ ሙያ ከሆነ ፈቃድዎን ለማን ይከለክላሉ?

፫ኛ. አቶ ቴዎፍሎስ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁት መጡ። አልጋው አጠገብ ቆመው ሕግ አለመጣሳቸውን በዝርዝር አስረዱት። ወንድሜ እስኪጨርሱ አዳምጦ፣ «ልክ ነህ ልጄ፤ እሱን ለበሬዎቹ ንገርልኝ» አላቸው። ሐኪሙ ይራመድ ይሆናል፣ ሞፈር ተከትሎ ግን አይውልም ብሎናል። እርሻው የቤተሰቡ እንጀራ ነው።

ስለዚህ የአብራሪው ፈቃድ እንዲታገድ አልለምንም፤ እጠይቃለሁ።

ሕግ ወዳድነትዎን ስለማውቅም እኛ በሕግ ያደረግነውን ላሳውቅዎ። አውሮፕላኑ የሚያርፍበት ሜዳ የወል ግጦሻችን ነው። ከብቶቻችን ከዚያ ይርቁ የነበረው በሽማግሌዎቻችን ይሉኝታ እንጂ በውል አልነበረም። አውሮፕላኑ እዚያው ቆሞ ሳለ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ይሉኝታውን አነሡት። አሁን ሜዳው ከጧት እስከ ማታ ከብት ነው። ማንም አውሮፕላኑን አልነካም። ለአቶ ቴዎፍሎስም በቃልም በጽሑፍም አስቀድመን አስታውቀናቸዋል፤ ያለ ማስጠንቀቂያ በሰው ላይ መምጣት በእኛ ዘንድ ነውር ነው።

እንደ አብራሪዎ ሳይሆን፣ በልኩ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

እጅጉ ወልደ ገብርኤል
የፊዚክስ መምህር፣ ጅጋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አቶ ቴዎፍሎስ አውሮፕላኑን ፈታተው በጭነት መኪና ለመውሰድ የሚሸከም ጎልማሳ እየፈለጉ ነው። እኛ ዘንድ ጎልማሳ ሞልቷል፤ ነገር ግን ሰሞኑን ሁሉም የወንድሜን ጤፍ በደቦ እየወቃለት ነው። ከእርሱ ቀጥሎ የእኔ ተራ ነው፤ እኔ ደግሞ ሲወቃልኝ ጥንቃቄ እንጂ ጥድፊያ አልወድም።